ስለ ላባቸው የሚረቡ ዶሮዎች

ዶሮ ሲባል በአብዛኞቻችን ሕሊና ቀድሞ የሚመጣው የበዓል ዋዜማ ነው፤ ሲቁላላ ያመሸ ሽንኩርት፣ በሎሚና በጨው የታጠበ ዐሥራ ሁለት ብልት፣ ምድጃውን የከበቡ እናቶች። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ለወጥም ለእንቁላልም እምብዛም ስለማይፈለጉ፣ ሰዎች ስለ ላባቸው፣ ስለ ቀለማቸውና ስለ ጠባያቸው ብለው ስለሚያራቧቸው ዶሮዎች ነው። በምኖርበት በአሜሪካ ይህ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው፤ የእኔም ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። «ይህ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ምን ይረባቸዋል?» የምትሉ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ ባለቤቴም የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ይዤ በገባሁ ጊዜ ከዚህ የከረረ ጥያቄ ጠይቃኛለች።

በግቢዬ ካሉት ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ሲልኪ የሚባሉትን ነው። ምንጫቸው እስያ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ማርኮ ፖሎ በቻይና እንደ ድመት ያለ ጸጉር የለበሱ ዶሮዎች እንዳሉ አውርቶ ነበር። የሰሙት ሰዎች ተረት መስሏቸው ቢሆን አይፈረድባቸውም፤ እኔም በዐይኔ አይቼ በእጄ እስክዳስስ ድረስ ጥንቸል መስለውኝ ነበር። የሌላ ዶሮ ላባ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ የሚሆነው በዐይን በማይታዩ ጥቃቅን መንጠቆዎች ነው። በሲልኪ ላባ ላይ እነዚያ መንጠቆዎች የሉም። ስለዚህ ላባው ተበትኖ እንደ ሐር ክር ይለሰልሳል። ለዚህ ውበት ግን የሚከፈል ዋጋ አለው፤ መብረር አይችሉም፣ ዝናብንም አይመልሱም፤ ካፊያ ካገኛቸው እንደ ራሰ ጥጥ ሆነው ይቆማሉ። አብዛኛው ዶሮ በእግሩ አራት ጣት ሲኖረው እነርሱ አምስት አላቸው። በነጩ ላባ ሥር ያለው ቆዳ፣ ሥጋና አጥንት ደግሞ ጠቆር ያለ ነው። እናቴ ለጥየቃ መጥታ አንዲቱን ገልብጣ ካየች በኋላ «እኔ ይህን አልቆርጥም፤ ዶሮ ነው የምትለኝ አንተ ነህ» ብላ ጉዳዩን ዘግታዋለች።

ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይርቅ ሴት ሲልኪ በአንድ ነገር ግን ትልልቆቹን ዶሮዎች ሁሉ ታስንቃለች፤ በእናትነት። የራሷ እንቁላል ባይሆንም ታቅፋለች፤ የዳክዬም ቢሆን ታቅፋለች፤ ምንም እንቁላል ባይኖር ባዶውን ገለባ ታቅፋ ትሰነብታለች። ሃያ አንድ ቀን ስትቀመጥ በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ እህል ቀማምሳ፣ ውኃ ጠጥታ ትመለሳለች። ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች በምትሰበስብ ዶሮ ራሱን እንደ መሰለ ሁላችንም በወንጌል ሰምተናል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ምሳሌው ግን ምን ያህል የቅርብ እንደሆነ የገባኝ ጭልፊት በግቢው ላይ ሲያንዣብብ ካየሁ በኋላ ነው። እናቲቱ አንድ አጭር ድምፅ ታሰማለች። ጫጩቶቹ በአንድ ትንፋሽ ይጠፋሉ፤ ሁሉም ከሆዷ ሥር ናቸው። እርስዋ ግን አትሸሽም። መብረር አትችልም፤ መዋጋትም አትችልም፤ ላባዋን ነፍታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። ከጫጩቶቹ አንዲቱ ሁልጊዜ ዘግይታ ትደርሳለች፤ በየዓመቱ እንዲህ ያለች አንዲት አትጠፋም።

ከጾማችን ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዶሮ እንቁላል የምትጥለው በብርሃን ልክ ነው። ቀኑ ሲረዝም ሰውነቷ ይነቃቃል፤ ሲያጥር ያርፋል። በኢትዮጵያ ቀንና ሌሊት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ስለማይለያዩ ይህ ጎልቶ አይታይም። እዚህ ግን በታኅሣሥ የመጣያው ሣጥን ባዶ ይሆንና ከየካቲት ጀምሮ ቅርጫቱን ሞልቶ ይፈስሳል። ያ ወራት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው! ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ዶሮዎቹ የሚሰጡት እኛ በማንበላበት ጊዜ ነው። ለሚያራባ ሰው ግን ከዚህ የተመቸ ቀመር የለም። ማንም ጠብሶ የማይጨርሰው እንቁላል ለመፈልፈል ይቀመጣል። በሳምንት ውስጥ የተጣለ፣ ያልታጠበ፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ እንቁላል ይመረጣል። በማሽን የሚፈለፈል ከሆነ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን አይነካም፤ እርጥበቱም ከፍ ይላል። ሃያ አንድ ቀን በአምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚገባ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን አንዱ ዙር ሲፈለፈል ሁለተኛው ለትንሣኤ ይደርሳል። ልጆቼ የሱባዔውን ቀን የሚቆጥሩት በእንቁላል ላይ በእርሳስ በተጻፈ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲያምር፣ የዚህ ፍቅር ሌላ ገጽ እንዳለው መደበቅ አይገባም። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስላችሁ። በ1840ዎቹ ኮቺን የሚባሉ ግዙፍ ዶሮዎች ከቻይና ወደ እንግሊዝ ገቡ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አስረባቻቸው። በ1849 በቦስተን ከተማ ታላቅ የዶሮ ትርኢት ተደረገ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ የሚያስታውሰው «የዶሮ ትኩሳት» በሚል ስም ነው። ሰዎች ለአንድ ጥንድ ዶሮ የሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ይከፍሉ ጀመር፤ ስም የሌለው ዶሮ ስም እየወጣለት ተሸጠ። ከነጋዴዎቹ ዋነኛው ጆርጅ በርንሃም በ1852 ለንግሥቲቱ ዶሮ በስጦታ ልኮ ስሙን አስጠራ፤ ገበያው ሲፈርስ ደግሞ በ1855 ያንኑ ትኩሳት የሚያፌዝበት መጽሐፍ አሳትሞ ከመጽሐፉም አተረፈ። ብልህ ሰው ነበር፤ ገዢዎቹ ግን ዶሮዎቹን ይዘው ቀሩ። በእኛም ዘመን አያም ቼማኒ የሚባለው የጃቫ ጥቁር ዶሮ አሜሪካ በገባበት ሰሞን አንዱ በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ተጠይቆበታል። ዛሬ ዋጋው ወርዷል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ «ብርቅ ዝርያ ነው፤ ገንዘብ ያወጣል» ብሎ የሚያስጎመጃችሁ ሰው ሲመጣ ይህን አስታውሱ። ብርቅነት ከዓመት ዓመት የሚረክስ ዕቃ ነው።

የማራባቱ ሥራ ራሱ ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ትምህርት ነው። የሜንዴል የውርስ ሕግ በአተር ብቻ ሳይሆን በእንስሳትም እንደሚሠራ ዊሊያም ቤትሰን በ1902 ያሳየው በዶሮ ነው። እስቲ ሰማያዊ የሚባለውን ቀለም እንመልከት፤ በእውነቱ አመድ የመሰለ ግራጫ ነው። ሁለት ሰማያዊ ዶሮዎች ቢዳቀሉ በአማካይ ከአራት ጫጩቶች ሁለቱ ብቻ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ ነጭ ሆኖ ግራጫ የተረጨበት ይወጣል። ሁሉንም ሰማያዊ ማድረግ የፈለገ ሰው ማዳቀል ያለበት ሰማያዊ ያልሆኑትን ነው፤ ጥቁሩን ከተረጨው ጋር። የምትወዱትን ለማግኘት የማትፈልጉትን ማክበር አለባችሁ። እኔ ይህን ያነበብሁት ከመጀመሬ በፊት ነው፤ ጫጩቶቹ ደርቀው ቀለማቸው ሲለይ ግን ዛሬም ይደንቀኛል።

ውበት ፈላጊ ሰው ወዴት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ቻቦ የሚባል አጭር እግር ያለው የጃፓን ዶሮ አለ፤ ሲሄድ እግሩ አይታይም፤ ትንሽ ጀልባ በሣር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ያን አጭርነት የሚሰጠው ውርስ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከመጣ ዶሮው ይኖራል። ከሁለቱም ከመጣ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንቁላል ውስጥ ይሞታል። ሁለት አጫጭር ዶሮዎችን ያዳቀለ ሰው ከአራት እንቁላል አንዱን ለሞት እንዳዘጋጀ ያውቃል። ላባቸው ወደ ኋላ የሚጠቀለል ዶሮዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ጥቅልሎች ከተገናኙ ከልጆቻቸው ሩቡ ላባው እየተሰበረ እርቃኑን ይቀራል፤ በብርድም ይሠቃያል። ጥቅልሉን ግን ለስላሳ ላባ ካለው ጋር የሚያዳቅል አራቢ ከዚህ ይጠበቃል። እኔ ቻቦ አላስገባሁም። የሚያራቡትን ሁሉ ጨካኞች ናቸው አልልም፤ አጭሩን ከረዥሙ ጋር እያዳቀሉ የሚጠነቀቁ አሉ። ነገር ግን እግዚአብሔር ለአዳም እንስሳትን በሰጠው ጊዜ ስም እንዲያወጣላቸውና እንዲገዛቸው እንጂ ለዐይኑ ደስታ እንዲያጎብጣቸው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ወሰኑ የት እንደሆነ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። የሲልኪ መብረር አለመቻልስ? ይህን ጥያቄ ሴት ልጄ ጠይቃኛለች፤ የመለስሁላት መልስ እርስዋንም እኔንም አላጠገበም።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ አውራ ናቸው። ከሃያ ጫጩት ዐሥር አውራ ቢወጣ ለዘር የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ነው። የቀሩት በአምስተኛው ወር መዋጋት ይጀምራሉ፤ ሴቶቹንም ላባቸው እስኪረግፍ ያስጨንቃሉ። የሚወስድ ሰው ለጥቂቶቹ ይገኛል፤ ለሁሉም አይገኝም። ስለዚህ በእኛ ቤት ከትልልቆቹ ዝርያዎች የተረፉት አውራዎች በበዓል ይታረዳሉ። በስመ ሥላሴ ተባርከው ይታረዳሉ፤ በከንቱም አይጣሉም። ልጄ ስም ያወጣችለት አንድ አውራ ነበረ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች። በዚያ ፋሲካ ከገበታው ቀርባ ዳቦና ዓይብ ብቻ በላች፤ ማንም አላስገደዳትም። አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወጡን ትበላለች፤ ለአውራዎች ግን ስም አታወጣም።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳነሣሣኝ ጉዳይ ልግባ። ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ አንድ አውራ አለኝ። ላባው ብቻ ሳይሆን ምንቃሩ፣ ምላሱና የራሱ ዘውድ ሳይቀር ጥቁር ነው። ባለፈው ዓመት ከእንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በዕድሜ የማከብራቸው፣ በቅዳሴ ጊዜ አጠገቤ የሚቆሙ አንድ አባት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያንን ጥቁሩን አውራ በስንት ትሰጠኛለህ?»

«ጋሼ፣ እርሱ እኮ ለወጥ አይሆንም፤ ሥጋውም ጥቁር ነው» አልኋቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለወጥ አይደለም። ልጄ ታማብኛለች፤ ታውቃለህ። አገር ቤት ያሉ አንድ አዋቂ ነጭ ላባ የሌለበት ጥቁር ነው ያሉን። ሦስት መቶ ዶላር እሰጥሃለሁ» አሉኝ።

ጭዳ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ሁላችን እናውቀዋለን። በዘመን መለወጫ ሰሞን በአገራችን ገበያ ገብስማ፣ ቀይ፣ ወሰራ፣ ጥቁር እየተባለ ዶሮ በቀለሙ የሚፈለገው ሁልጊዜ ለውበቱ አይደለም። በሰው ራስ ላይ አዙሮ ማረድ፣ ደሙን በደጃፍ ማፍሰስ፣ በመስቀለኛ መንገድ መጣል በየሰፈሩ ሲደረግ ያላየ ማን አለ? ባዕድ አምልኮ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ታስተምራለች። ነገሩ ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ በስልክ ይመጣል።

ለእኒያ አባት ትምህርት አልሰጠኋቸውም። ልጃቸው የታመመች አባት ናቸው። «ጋሼ፣ ዶሮውን አልሰጥዎትም፤ ነገ ግን መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ወደ ሐኪሙም ወደ ንስሐ አባትዎም አብረን እንሄዳለን» አልኋቸው። «እምቢ ማለትህ ነው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፤ ስለዚህ ጉዳይ ከሆነ እምቢ ነው።» ስልኩን ዘጉብኝ። ለብዙ ሳምንታት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰላምታዬን በዐይናቸው ብቻ ይመልሱ ነበር። አንድ እሑድ ግን ራሳቸው ቀርበው የሐኪም ቀጠሮ ላይ የሚያስተረጉም ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ልጃቸው ዛሬም በሕክምና ላይ ናት። ጠበልም ትጠመቃለች፤ በጸሎታችን እናስባታለን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ አውራ ጥቁረት ብዙ አስቤአለሁ። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በማንኛውም ዶሮ ሰውነት ውስጥ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ፤ በፅንስነት ጊዜ ወደ ቆዳና ወደ ላባ ሥር ተጉዘው ይቆማሉ። በእርሱና በሲልኪዎች ግን አንድ የውርስ ክፍል ተደግሞ ስለተጻፈ ሕዋሳቱ በዝተው ወደ ሥጋና ወደ አጥንት ሽፋን ድረስ ይሠራጫሉ። አለቀ። ደሙ እንደማንኛውም ዶሮ ቀይ ነው። አያም ቼማኒ በተገኘባት ጃቫም ሰዎች ይህንኑ ጥቁረት ኃይል ያለው መስሏቸው ለመሥዋዕት ይፈልጉት ነበር፤ ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እኔም የላባ ቀለም ስመረምር የምውል ሰው ነኝ፤ ጠንቋዩም ቀለም ይመርጣል። እኔ በአንድ ጫጩት ጀርባ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ከየትኛው አያት እንደመጣች በደብተሬ እፈልጋለሁ፤ እርሱ ያቺን ነጥብ የፈጠረውን ትቶ ነጥቧን ይፈራል። ወጣቶች ሆይ፣ ጥንቆላን በወቀሳ ብቻ አትመልሱ። ዶሮው ለምን ጥቁር እንደሆነ ማስረዳት የምትችሉ ሁኑ፤ የተፈራ ነገር አሠራሩ ሲታወቅ ግርማው ይቀልላል።

በአገር ቤት የምትኖሩ አንባብያን «ሲልኪም ቼማኒም ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። አታምጡ። ጃፓኖች ኦናጋዶሪ የሚባለውን፣ የጅራቱ ላባ ሳይረግፍ ብዙ ሜትር የሚረዝመውን አውራ በ1952 ልዩ የተፈጥሮ ቅርስ ብለው በሕግ ጠብቀውታል። እኛስ? አባቶቻችን ገብስማ፣ ዝግርማ፣ ወሰራ እያሉ ስም ያወጡላቸው፣ ዘውዳቸውን ነጠላና ድርብ ብለው የለዩአቸው፣ አንገታቸው መላጣ የሆኑ፣ የሆሮ፣ የጃርሶ፣ የጠጲ እየተባሉ በየአገሩ የታወቁ ዶሮዎች አሉን። እንቁላላቸው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ40 እስከ 60 ይባላል። ስለዚህ ብዙ የሚጥሉ የውጭ ዝርያዎች በየቀበሌው ሲከፋፈሉ ከእነርሱ ጋር ይቀላቀላሉ። ገበሬው ለልጆቹ እንቁላል መፈለጉ ትክክል ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ ከራሱ ወገን እየመረጡ እንቁላሉን ለማብዛት የሠሩት ሥራም ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ግን ተመራማሪ ሁሉንም አይደርስበትም። ግቢ ያለው አንድ ወጣት አንድ አውራና አራት ቄብ ከአንድ ወገን ይዞ፣ ከሌላ ሳይቀላቅል፣ በየሁለት ዓመቱ ዘመድ ያልሆነ አውራ እየለወጠ ቢያራባ፣ ዐሥር ወጣቶችም በየአጥቢያቸው እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ጠንቋይ ብቻ ስሙን የሚያውቀው ቀለም በደጋግ እጆች ይቆያል።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከገበያ የመጣች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ። ፈንግል አንድ ግቢ ከገባ በጥቂት ቀናት ቆጡን ባዶ ያስቀራል፤ ክትባቱን የአካባቢያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። በውጭ የምንኖርም ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ በተስፋፋው የወፍ ጉንፋን ምክንያት ጫማችንን ሳንለውጥ ወደ ዶሮ ቤት አንገባም፤ ብዙ ትርኢቶችም በዚሁ ተሰርዘዋል። አውራ ማኖር የሚከለክል ከተማ ብዙ ስለሆነ ሕጉን አስቀድማችሁ አንብቡ። ደብተር ያዙ፤ እናቷን፣ አባቷን፣ እንቁላሉ የተቀመጠበትን ቀን፣ ስንቱ እንደተፈለፈለና ስንቱ እንደሞተ ጻፉ። የሞቱትን መጻፍ ያስጠላል፤ ግን ጻፉ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሱን የሚጠርገው ማን እንደሆነ ከቤተሰባችሁ ጋር ተስማሙ፤ በእኛ ቤት ይህ ጉዳይ እስካሁን በድርድር ላይ ነው።